የሁለቱ ነጋድራሶች መጻሕፍት

የአገራችን ሊቃውንት መጽሐፍን የሚያነቡት ገለጥ አድርገው ለማየት ሳይሆን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለመዝለቅ ነበር። በጉባኤ ቤት ብሉያቱንና ሐዲሳቱን፥ ሊቃውንቱንና መጻሕፍተ መነኮሳቱን የሚማር ደቀ መዝሙር፥ ዓመታት ቢፈጅበትም እንኳ፥ በመካከሉ ትቶት ቢሄድ አነበበ አይባልም። ዳዊት የሚደግም ሰውም 150ውን መዝሙር ለሰባቱ ዕለታት ከፋፍሎ በየሳምንቱ ይፈጽመዋል እንጂ ደስ ያለውን ብቻ መርጦ አይደግምም። እንግዲህ የቀደሙትን መጻሕፍት በተራ አንብቦ ለመጨረስ ለራስ ሥርዓት ማበጀት ከውጭ አገር የመጣ ፈሊጥ አይደለም። የሚያሳዝነው ይህ ልማድ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤት እምብዛም አለመግባቱ ነው።

ድሬ ዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ስለ ደረሰባት የተቈረቈረች ከተማ ናት። ስለ ንግድዋ ብዙ ይነገራል፤ ስለ መጻሕፍትዋ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ከአማርኛ ድርሰት አባቶች ሁለቱ፥ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፥ በየጊዜያቸው የዚህችው ከተማ የጉምሩክ ሹማምንት ነበሩ። ስለዚህ በድሬ ዳዋ የሚኖር ሹም ወይም ካህን የቀደሙትን መጻሕፍት ላንብብ ብሎ የተነሣ እንደ ሆነ ከደጃፉ ይጀምር ዘንድ እንመክረዋለን።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በዓድዋ አካባቢ ተወልደው፥ በልጅነታቸው በምጽዋ በኩል ባሕር ተሻግረው በአውሮፓ የተማሩ ሰው ናቸው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው፤ እርሳቸው ግን ገና በጕልማስነታቸው በ1911 ዓ.ም. ዐርፈው ነበርና መጽሐፋቸውን ታትሞ አላዩትም። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን አሳብ በአጭሩ ብንናገር እንደዚህ ነው፤ የሀብት ምንጭ ሥራ ነው፤ ሥራንም የሚያበረታው ዕውቀት ነው፤ ዕውቀት የጐደለው ሕዝብ ከዐዋቂ ሕዝብ ጋራ ሲገበያይ የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የጥቂት ቀን ድካም ይቀበላል። በዚያ ዘመን በባቡሩ ቡናና ቆዳ ይወጣ፥ በፋብሪካ የተሸመነ ጨርቅ ይገባ ነበር። ይህን የሚያስብ ሰው በጉምሩክ ደጃፍ ተቀምጦ የሚያልፈውን ዕቃ ሲመለከት ቀረጡን ብቻ አልቈጠረም። ዛሬ በአዲሱ የባቡር ሐዲድ የሚመላለሰውን ዕቃ የሚመዘግብ ሹም ያንኑ መጽሐፍ ቢያነብ፥ በመዝገቡ ላይ የሚጽፈው ቍጥር ሌላ ትርጕም ይሰጠዋል።

የነጋድራስ አፈወርቅ ነገር ከዚህ ይከብዳል። በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፥ ጦቢያ ተብሎ የሚታወቀው፥ የአማርኛ ልብ ወለድ መጀመሪያ ነው፤ የመጽሐፉ ስም የድርሰቱ ዓይነት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። በወንድ ልብስ ተሰውራ ከአባትዋ ጋራ ወንድምዋን ልትፈልግ የወጣችው ልጅ ታሪክ ዛሬም ያነበበውን አይለቅም። ይሁን እንጂ ጸሐፊው በጠላት ወረራ ዘመን ከፋሺስቶች ጋራ ወገኑ፤ ከድልም በኋላ ተፈርዶባቸው በጅማ በግዞት ሳሉ ሞቱ። አገሩን የካደ ሰው የጻፈውን ለምን እናነባለን? የሚል ይኖራል፤ ጥያቄውም ቀላል አይደለም። እኛ ግን መጽሐፉን በመዝጋት ክህደቱ ይቀጣል ብለን አናምንም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ተመልካች ልቡና፥ የማያዳላ ፍርድና የጠራ ቋንቋ ያስፈልገዋል ብለው ነበር። አንባቢ «ዳግማዊ ምኒልክ» የተባለውን የአፈወርቅን መጽሐፍ በዚህ ሚዛን ቢመዝነው፥ በሦስተኛው እጅግ ከብዶ በሁለተኛው ቀልሎ ያገኘዋል። ሁለቱን ሹማምንት ጐን ለጐን ማንበብ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

ከካህናቱ ወገን ደግሞ ልብ ወለድን እንደ ከንቱ ወሬ የሚቈጥሩ አሉ። በራላም ወይዋሴፍን ግን እነማን አቈዩልን? ከየመን መጥተው በደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም በ16ኛው መቶ ዓመት ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት ይህ መጽሐፍ፥ ከህንድ ተነሥቶ በብዙ ቋንቋ ያለፈ የአንድ የንጉሥ ልጅ ታሪክ ነው። አባቶች መልካም ታሪክ ከሩቅ ቢመጣም አልናቁትም። ሹማምንቱም በበኩላቸው ግዕዝ የካህን ነው ብለው መሸሻቸውን ቢተዉና ከአጠገባቸው ያለውን መሪጌታ ቢጠይቁ መልካም ነበር።

ጊዜ የለንም የሚለው ምክንያት በድሬ ዳዋ አያስኬድም። የቀትሩ ሙቀት ሱቁን ሁሉ ሲያዘጋው፥ በየቤቱ የሚተርፈው ሰዓት ጥቂት አይደለም። ምን እናንብብ ለሚልም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በአገራችን የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ስም ዘርዝረው አሳትመዋል፤ ከራሳቸውም ድርሰት «ወዳጄ ልቤ» እና «አዲስ ዓለም» አሉ። ከዚያ ወዲህ እስከ 1958 ዓ.ም. ወርዶ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» መድረስ ይቻላል። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ሥራዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በአንድ ጥራዝ ዳግመኛ ስለ ታተሙ አጣናቸው ማለት አይቻልም። የድሬ ዳዋ መሥሪያ ቤቶች፥ ከሁሉም አስቀድሞ ጉምሩኩ፥ ይህን ጥራዝና ጦቢያን ገዝተው ሠራተኛው ተራ በተራ ወደ ቤቱ እንዲወስድ ቢያደርጉ ወጪው ከአንድ ወር የወረቀት ወጪ የሚበልጥ አይመስለንም።