«ባዕድ አምልኮ»፦ ባዕድነቱ ለማን ነው?

ከሐዋሳ ወደ ነገሌ የሚወርድ መንገደኛ ቦሬ ላይ ጃኬቱን ይቆልፋል። ትንሽ እንደሄደ የአንፈራራ ደን ይቀበለዋል። ደኑን በመስኮት አይቶ ያልፋል እንጂ የጉጂ ሽማግሌ አንዳንድ ዛፍ ሥር ለምን ቆሞ እንደሚመርቅ አይጠይቅም። ቢጠይቅም መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፦ «ባዕድ አምልኮ ነው»።

ቃሉን ልብ በሉት። ባዕድ ማለት ከሌላ አገር የመጣ ማለት ነው። ዋቄፈና ግን እዚያው የበቀለ ነው። በጉጂ ምድር በእንግድነት የገቡት ክርስትናና እስልምና ናቸው። ይህን ማለት እነሱን መንካት አይደለም፤ የስሙን አለቦታው መሆን ለማሳየት ነው።

«ዛፍ ያመልካሉ» የሚለውም ስህተት ነው። ዋቃ አንድ ነው፣ የሁሉ ፈጣሪ ነው። ዛፉ ሥር ይለመናል፣ ይታረቃል፣ ይመረቃል እንጂ ዛፉ አይመለክም። ሰው በሰውም በፍጥረትም ላይ ሊያልፈው የማይገባውን ድንበር ደግሞ «ሳፉ» ይሉታል።

የሚገርመው፣ ይኸው ሰው የጃፓንን ሺንቶ በፊልም ሲያይ «እንዴት ደስ የሚል ባህል!» ይላል። ሺንቶም መሥራች ነቢይ የለውም። ካሚ የሚባሉት መናፍስት በተራራ፣ በፏፏቴ፣ በአሮጌ ዛፍ ያድራሉ፤ ዛፉ ላይ የገለባ ገመድ ይታሰርለታል። እ.ኤ.አ. በ712 የተጻፈው ኮጂኪ የፀሐይዋ አምላክ አማተራሱ ፈርታ ዋሻ ስትገባ ዓለም እንደጨለመ፣ ሌሎቹ አማልክት በጭፈራና በሳቅ እንዳወጧት ይተርካል። በኢሴ ያለው ቤተ መቅደሷ በየ20 ዓመቱ አዲስ ይሠራል፤ የመጨረሻው በ2013 ነበር። ሁለቱ እምነቶች አንድ አይደሉም፤ ካሚዎቹ ብዙ ናቸው፣ ዋቃ አንድ ነው። ጉጂ ግን በየ8 ዓመቱ ሜኤ ቦኮ ላይ ተሰብስቦ ሥልጣን ሲያስረክብና ሕግ ሲያውጅ፣ ከኢሴ ያነሰ ምን አለው?

እርግጥ የገዳ ሥርዓት በ2016 እዚሁ አዲስ አበባ በተካሄደ ስብሰባ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ምዝገባ ግን አጥር አይሆንም። ጃፓን ራሷ ምስክር ናት። መንግሥቷ ሺንቶን አቅፎ ይዞት እያለ፣ በ1906 «ትናንሾቹ ይዋሃዱ» ብሎ አዘዘ። በጥቂት ዓመታት ወደ 70 ሺህ የሚሆኑ መቅደሶች ጠፉ፣ የብዙዎቹም ዛፍ ተቆርጦ ተሸጠ። ሚናካታ ኩማጉሱ የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ ይህን ሲቃወም በ1910 ታስሯል። የቀረውን ሺንቶ መንግሥት ለጦርነት ቅስቀሳ ተጠቀመበት፤ ከመንግሥት የተለየው ጃፓን ከተሸነፈች በኋላ፣ በ1945 መጨረሻ ነው።

እኛ ዘንድም መታቀፉ ጀምሯል። አባ ገዳ በየስብሰባው መክፈቻ ለምርቃት ይጠራሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። መሬት ሲሸነሸን ግን ማን ይጠራቸዋል? ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ የይዞታ ካርታ የሚሰጥ አስተዳደር፣ አርዳ ጂላ ለሚባሉት የሥርዓት ቦታዎችም ወሰናቸውን ለክቶ መስጠት አያቅተውም። ልኬታው የሚሻለው ደግሞ ቀጣዩ ርክክብ ሳይደርስ፣ ወሰኑን በቃል የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ ነው።