የበር ጥበቃን የሃይማኖት መርማሪ ያደረገው ማነው?

የአዲስ አበባ ሰው ሰውን በልብሱ ማንበብ ይችልበታል። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ በማለዳ እየተጣደፈች የምትሄደውን እናት ያየ፣ ቅዳሴው እንደተጀመረባት ያውቃል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሆነ ደግሞ ለቅሶ እንዳለባት ገብቶት ከንፈሩን መጠጥ ያደርጋል። ወያላው ቆብ የደፉትን ሽማግሌ "ሼኪ፣ እስቲ ጠጋ ይበሉልኝ" ይላል፤ መቋሚያ ይዘው የገቡትን "አባ፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ" ይላል። ዘወር ብሎ ጂልባብ የለበሰችውን ልጅ "እህቴ፣ ሒሳብ" ይላታል። መርካቶ ውስጥ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና በአንዋር መስጊድ መካከል ያለችውን ጥቂት እርምጃ የተራመደ ሰው፣ ማን ወዴት እንደሚገባ ሳይጠይቅ ይለያል። ፀጉሯን ሸፍና፣ ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ አውርዳ የምትሄድ ሴት እኮ በዚህች አገር ብርቅ ሆና አታውቅም። የሁላችንም አያቶች እንዲያ ነበሩ።

በዚህ ማንበብ ውስጥ ክፋት የለበትም። እንዲያውም አብሮ ለመኖር ይረዳል። ማዕተብ ያሰረውን ወዳጁን በዓቢይ ጾም ክትፎ ቤት ና አይለውም፤ በረመዳን ከጎኑ የተቀመጠችውን ባለሂጃብ አይቶ የውሃውን ኮዳ መልሶ ቦርሳው ውስጥ ይከታል። ማንም ያላዘዘው፣ ማንም ያልተቆጣጠረው ጨዋነት ነው። ክፉው ነገር ይኸው ዓይን ደመወዝ ተቆርጦለት፣ ዱላ ይዞ የመንግሥት በር ላይ ሲቆም ነው። ታክሲ ውስጥ "እንዲህ ሳትሆን አትቀርም" የተባለው ግምት በር ላይ ሲደርስ "አትገቢም!" ይሆናል።

የአክሱሙን ነገር እናንሳ። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሙስሊም ልጃገረዶች ሂጃብ እንደለበሱ መማር አትችሉም ተባሉ። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት በጊዜው እንዳስታወቀው፣ በዚህ የተነሳ ለአገር አቀፍ ፈተና መመዝገብ ያልቻሉት ልጆች ከ150 በላይ ነበሩ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰና በጥር ወር ክልከላው ለጊዜው እንዲቆም ታዘዘ። በዚያው ወር መቀሌ ላይ ሰልፍ ተወጣ።

እነዚህ ልጆች እነማን ናቸው? መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋ፣ ጥቅምት 2013 ላይ ጦርነት የገባባቸው፣ እስከ ጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ደብተር ሳይሆን ሞት ሲያዩ የከረሙ ናቸው። የክፍል ጓደኞቻቸው ከፊሉ ሞቷል፣ ከፊሉ ተሰዷል። ከዚያ ሁሉ ተርፋ፣ ዕድሜዋ ከክፍሏ በላይ ሆኖባት፣ አፍራም ተደፋፍራም ወደ ትምህርቷ የተመለሰችን ልጅ በሻሿ ምክንያት ከበር መመለስ ምን የሚሉት ጀግንነት ነው? በዓል በመጣ ቁጥር የነጃሺን ስም የማይጠራ፣ "የመጀመሪያዎቹን ስደተኞች የተቀበልን ሕዝብ ነን" ብሎ የማይፎክር ባለሥልጣን የለም። ስደተኞቹን የተቀበለው እኮ የአክሱም ንጉሥ ነው! በዚያው በአክሱም ስም የሚምለው ሁሉ ስለ ገዛ ልጆቹ ሲጠየቅ ግን ምላሱ ተሳሰረ።

"ይህ የእስላሞች ጉዳይ ነው" ብሎ ገጹን ሊገለብጥ የፈለገ አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠን። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። በጥር 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከሲኖዶስ እውቅና ውጪ ጳጳሳት ሾምን ባሉ ጊዜ፣ ቅዱስ ሲኖዶስ ምእመናን በነነዌ ጾም ሦስቱን ቀናት ጥቁር ልብስ ለብሰው እንዲጸልዩ ጥሪ አደረገ። ሕዝቡም ለበሰ። ምን ሆነ? ጥቁር የለበሰ ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ በር ተመለሰ። አገልግሎት ፈልጎ የሄደ ባለጉዳይ "ቀይረህ ና" ተባለ። በመንገድ ላይ የተንገላቱ፣ የተደበደቡና የታሰሩም ነበሩ። ያን ሰሞን የራሷ እናት ሞታባት ጥቁር የለበሰች ሴት ለጥበቃው ሐዘኗን ማስረዳት ነበረባት ማለት ነው! በር ላይ የቆመው ዓይን ያኔ የኦርቶዶክሱን ጥቁር ያድን ነበር፤ በሁለት ዓመቱ አክሱም ላይ የሙስሊሟን ሻሽ አደነ። የሚታደነው ይቀያየራል፣ ዓይኑ ግን ጡረታ ወጥቶ አያውቅም።

ከዚያም በፊት ቢሆን ያው ነው። በደርግ ዘመን ጴንጤው የሚለየው ግራ እጁን አንስቶ መፈክር ባለማሰማቱ፣ ወይም በብብቱ በያዛት መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። "ጴንጤ" የሚለው ቃል ራሱ ያኔ ስድብ ነበር። በኢሕአዴግ ጊዜ ደግሞ "አክራሪ" የሚባል ስም መጣ። ጢሙን ያስረዘመ፣ ሱሪውን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያሳጠረ ወጣት መንገድ ላይ ሲታይ "ወሃቢያ" ተባለ። በ2004 ዓ.ም. ከአወልያ ተነሥቶ "ድምፃችን ይሰማ" ያለው የሙስሊሞች ተቃውሞ ያነሳው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ መንግሥት በሃይማኖታችን ጉዳይ እጁን ያንሳልን፣ መሪዎቻችንን ራሳችን እንምረጥ ነው ያሉት። መልሱ እስር ሆነ። በ2005 "ጅሃዳዊ ሐረካት" የተባለ ፊልም በቴሌቪዥን ተለቀቀባቸው፣ ክሳቸው ገና በፍርድ ቤት ሳለ። በ2007 መጨረሻ የኮሚቴው አባላትና አብረዋቸው የተከሰሱት ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። እንግዲህ ያን ፊልም ያየው የሰፈር ሰው ለዓመታት አብሮት ዕድር የበላውን ጎረቤቱን ጢም እያየ ምን አስቦ ይሆን?

አሁን የከልካዮቹን ክርክር እንስማ፤ መስማትም ይገባል። "መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ ትምህርትም ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ መሆን አለበት" ይላሉ። እውነት ነው፤ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 እና በአንቀጽ 90 ይህንኑ ይላል። ታዲያ አንቀጽ 27ን ማን ቀደደው? እዚያ ላይ ማንም ሰው ሃይማኖቱን በይፋ የመግለጽና የመተግበር መብት ተሰጥቶታል። መገደብ ካስፈለገ ደግሞ የሚገደበው በሚወጣ ሕግ ነው፤ ያውም በተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ። በሕግ! ርዕሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ በተናገረው፣ ወይም ጥበቃው "ከላይ የመጣ ትዕዛዝ ነው" ባለው አይደለም። ትምህርት ከሃይማኖት ነፃ ይሁን ማለት የፊዚክስ መምህሩ አይስበክ፣ ደብዳቤው በዳዊት አይከፈት፣ የተማሪዋ ውጤት በእምነቷ አይወሰን ማለት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ ፀጉሯን ሸፍና ሒሳብ ብትሠራ መንግሥት ሃይማኖተኛ አይሆንም። ደግሞስ ይህ ሕግ በእውነት ለሁሉም እኩል ይሠራል ቢባል በአንገት ላይ ያለው ማዕተብስ? በግንባር ላይ የተነቀሰው መስቀልስ? እሱንም ሊፍቁት ነው?

ፈረንሳይን የሚጠቅሱልንም አሉ። ፈረንሳይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጎልተው የሚታዩ የሃይማኖት ምልክቶችን በሕግ ከለከለች፤ በ2023 ደግሞ አባያን ጨመረች። ትምህርት በተከፈተበት ቀን 300 ያህል ልጃገረዶች አባያ ለብሰው መጡ፤ 67ቱ አናወልቅም ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ችግሩ ወዲያው ወጣ። አባያ ምንድነው? ረጅም፣ ሰፊ ቀሚስ ነው። ከሱቅ የተገዛ ተራ ረጅም ቀሚስስ? መምህሩ ይህን እንዴት ይለያል? ስሟን ጠይቆ ነው? የቆዳዋን ቀለም አይቶ ነው? ልብስን ልከልክል ብሎ የተነሣ መንግሥት ዞሮ ዞሮ ለባሿን መለየት ውስጥ ይገባል፤ ያቺው ቀሚስ አንዷ ስትለብሳት ፋሽን፣ ሌላዋ ስትለብሳት ጥፋት ትሆናለች። ያም ሆኖ እነሱ ቢያንስ በምክር ቤት ተከራክረው፣ ሕግ ጽፈው፣ የተከፋው ፍርድ ቤት ሄዶበታል። እኛ ጋ ግን ሂጃብን የሚከለክል እንዲህ ያለ ሕግ የለም።

ለነገሩ ይህ በልብስ የመለየት ዕውቀት የሚመስለውን ያህል አስተማማኝ አይደለም። ወሎ ሄዶ ሁለት አሮጊቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያየ፣ ሁለቱም ሻሽ አሥረው፣ ሁለቱም ነጠላ ደርበው፣ የትኛዋ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ የትኛዋ ሰጋጅ እንደሆነች ቡናው ቀርቦ ምርቃቱ እስኪጀመር ድረስ ላይለይ ይችላል። ወደ ሳዑዲ ለሥራ የሚሄዱት ሴቶቻችንስ? ስንቷ የክርስቲያን ልጅ ማዕተቧን በጥሳ፣ ስሟን ቀይራ፣ ጥቁር አባያ ለብሳ በቦሌ ወጥታለች! ልብሷን አይቶ እምነቷን እናውቃለን የሚል ካለ ይሞክራት፤ እሷ የለበሰችው ድህነትን ነው። የድሮ ጴንጤ እህቶች ጌጥ ባለማድረጋቸው ይለዩ ነበር፤ ዛሬ ማን ይለያቸዋል? ሻሽ የጣለችውስ ሁሉ እምነቷን ጥላለች? ሱሪ ለብሳ የምታስቀድስ፣ ጂንስ ላይ ሂጃብ ያደረገች፣ በሳምንቱ ቀን ፀጉሯን ገልጣ ዓርብ የምትሸፍን... የአገሩ ሰው እንዲህ ነው።

ፊትን የሚሸፍነው ኒቃብ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ አይከብድም ብለን አንዋሽም። ፈተና የሚቀመጠው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ባንክ ቤትም እንዲሁ። መፍትሔው ግን ያን ያህል ተራራ አይደለም፦ አንዲት ሴት ጥበቃ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ፊቷን ከመታወቂያው ጋር አመሳክሮ ማስገባት። የማንነት ማረጋገጫና የእምነት ምርመራ ለየቅል ናቸው። ሂጃብ ፊት አይሸፍንም፤ ስለዚህ በኒቃብ ሰበብ ሂጃብ የሚከለክለው ሰው ስለ ደህንነት አያወራንም፣ ሌላ ነገር አለው።

ነገሩ በሌላ በኩልም ይታይ። "በሱሪ መግባት ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቢለጠፍ፣ መስጊድ ሲገባ ፀጉር ሸፍኑ ቢባል ቤቱ የባለቤቱ ነው፤ ሥርዓቱን የማይወድ አይገባም። ከአጥሩ ወጥቶ ግን ሠፈር ውስጥ የሰው ልጅ ቀሚስ የሚለካ፣ ሻሽ ያላደረገችን ልጅ በመንገድ የሚሰድብ ጎረምሳ ካለ እሱም ያው የበር ጥበቃው ወንድም ነው። ኢራን ውስጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመስከረም 2022 ማህሳ አሚኒ የተባለች የ22 ዓመት ወጣት በሥነ ምግባር ፖሊሶች የተያዘችው ሻሽሽን በአግባቡ አላደረግሽም ተብላ ነው፤ በእጃቸው እንዳለች ሞተች። አልብሱ ባዩም፣ አውልቁ ባዩም በሴቷ ራስ ላይ ያዘዘው ማን ነው ሲባል መልስ የለውም።

ስለዚህ ጥያቄያችን ለትምህርት ሚኒስቴርና ለክልል ትምህርት ቢሮዎች ነው። ተማሪዎች ምን ለብሰው መግባት እንደሚችሉ በማያሻማ ቃል ተጽፎ ለሁሉም ትምህርት ቤት ይድረስ። ዩኒፎርም ካለ የሻሹ ቀለም ከዩኒፎርሙ ጋር ይሁን ተብሎ ይወሰን፤ ወላጆችም ከጨርቁ ጋር አስቆርጠው ያሰፉታል። በምዝገባና በፈተና ሰሞን ማንም ተማሪ በልብሷ ሰበብ ከወረፋ እንዳትወጣ ይታዘዝ፤ ክርክር ካለ ፈተናው ካለፈ በኋላ ይደርሳል። የፍርድ ቤት እግድ እያለ የሚከለክል ኃላፊም በስሙ ይጠየቅ፤ "ኮሚቴው ነው"፣ "ማኅበረሰቡ ነው" እየተባለ የሚሸሸግበት ጓሮ ይዘጋ። ሥራው ከባድ የሆነበት ጥበቃ ደግሞ፣ ደመወዙ አንሶ ፀሐይና ብርድ የሚፈራረቅበት ምስኪን መሆኑን እናውቃለን፤ ተጠያቂው እሱ ሳይሆን በቃል ያዘዘው ነው። ክልከላ አለ የሚል ኃላፊ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ያለበትን ወረቀት በሩ ላይ ይለጥፍ። ወረቀቱ ከሌለ ልጅቱ ትግባ፤ ደወሉ ተደውሏል።