ሞረድ የበላው ታሪክ

መይሳው ካሣ መቅደላ ላይ ሽጉጡን ጠጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። እሺ፣ ሽጉጡ ላይ ምን ተጽፎ ነበር?

ዝም አላችሁ አይደል? እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ዝም ከሚሉት ነበርኩ።

ከእንግሊዝ ጦር ጋር አብረው የመጡ ጸሐፊዎች እንደመዘገቡት፣ ወታደሮቹ ከሬሳው አጠገብ ያነሱት ሽጉጥ እጀታው ላይ ትንሽ የብር ሰሌዳ ነበረችው። ንግሥት ቪክቶሪያ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስለተደረገለት ደግነት ለንጉሠ ነገሥቱ ያበረከተችው ስጦታ መሆኑ ተቀርጾባታል። የንግሥቲቱን ሽጉጦች በ1862 እ.ኤ.አ. ይዞ የመጣው ቆንስል ካሜሮን ነው። ያው ካሜሮን ኋላ ታሰረ፤ በእሱና በሌሎቹ እስረኞች ሰበብ ጦር ዘመተ፤ ንጉሡም በስጦታው ሞተ። ፍቅሩም ጠቡም እዚያች ሰሌዳ ላይ አለ። እኛ ግን ጥይቷን ይዘን ጽሑፉን ጣልነው።

የዛሬው ጠቤ ከዚህ ልማድ ጋር ነው። መሣሪያ እንወዳለን፤ እንፎክርበታለን፤ ሰርግ ላይ እንተኩሰዋለን። አናነበውም።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ሐዋሳ ስትቆረቆር ከሰፈሩባት ሰዎች መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩ። አያቴም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወታደር ነበሩ። ከአባታቸው የወረሷት አንዲት ቤሬታ ነበረቻቸው። ልጅ ሳለሁ ጥይቷን አውጥተው፣ ባዶዋን ጨርቅ ላይ አስቀምጠው «አንብባት» ይሉኛል። በደብተሬ ጀርባ የገለበጥኩት ዛሬም አለ፦ የፋብሪካው ስም፣ ጋርዶኔ የሚል የከተማ ስም፣ 1937፣ ከጎኑ በሮማውያን አጻጻፍ 15 ቁጥር፣ ከኋላ በኩል ደግሞ ዘውድና ሁለት ፊደላት።

አያቴ ሲያርፉ አንዱ አጎቴ «ቁጥር ያለበት ነገር ጣጣ ያመጣል» ብሎ በሞረድ ፋቃት። ከዚያ ኒኬል አስነከራት። አሁን እንደ ሙሽራ ታበራለች። እንደ ድንጋይም ዲዳ ናት።

ምን እንደጠፋ ልንገራችሁ። 15 ቁጥር የፋሺስት ዘመን አቆጣጠር ነው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣሊያን የራሱን ዓመት ይቆጥር ነበር። አሥራ አምስተኛው ዓመት የካቲት 12 ቀን 1929ን በጉያው ይዟል፤ የግራዚያኒ ጭፍጨፋ ያለበት ዓመት ማለት ነው። ዘውዱና ፊደላቱ ደግሞ የጣሊያን ንጉሣዊ ጦር ንብረት ማለት ናቸው፤ የባሕር ኃይሉ፣ የአየር ኃይሉና የፖሊሱ ሌላ ሌላ ምልክት ነበራቸው። ስለዚህ ያቺ ሽጉጥ «አዲስ አበባ በምትታረድበት ዓመት ተሠራሁ፤ የወራሪው ጦር ንብረት ነበርኩ፤ ዛሬ ሐዋሳ አንድ ቤት ውስጥ ነኝ» ትል ነበር። ከዚህ የበለጠ የአርበኛ ምስክር ከየት ይመጣል? አጎቴ የፋቀው ቁጥር መስሎት ነው። የፋቀው የአባቱን አባት ምስክር ነው።

ማነጣጠሪያውም ይናገራል። በ1896 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጀርመን ማውዘር ሽጉጥ ፎቶ አይታችሁ ይሆናል፤ የእንጨት አፎቱ ከኋላ ሲገጠም እንደ ጠመንጃ ትከሻ ላይ ይደገፋል። የኋላ ማነጣጠሪያው ላይ እስከ 1000 ሜትር የሚደርስ ቁጥር የተጻፈበት አለ። አንድ ሺህ ሜትር በሽጉጥ! አሞራ ገደል ቆማችሁ በዚያ ርቀት ታንኳ ላይ ያለው ወንድ ይሁን ሴት አትለዩም። ቁጥሩ ግማሹ ሜካኒክ፣ ግማሹ ነጋዴ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤልጅየሙ ብራውኒንግም በሁለት ዓይነት ይሸጥ ነበር፦ አንዱ የማይነቃነቅ ማነጣጠሪያ ያለው፣ ሌላው እስከ 500 ሜትር ከፍ ዝቅ የሚል። የትኛው እንደታዘዘ ማወቅ፣ ያዘዘው ሰው ምን እንዳሰበ ማወቅ ነው፤ ለወገብ ጌጥ ወይስ ለጦር ሜዳ?

የውጭ አገር ሰብሳቢዎች ይህ ገብቷቸዋል። የድሮ የአሜሪካ ሽጉጥ ካርቶን ጎኑ ላይ በተለጠፈችው ወረቀት የጥይቱ ልክ፣ የአፈሙዙ ርዝመት፣ ቀለሙ፣ አንዳንዴም የማነጣጠሪያው ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። የካርቶኑ ቁጥርና የብረቱ ቁጥር ከገጠሙ ዋጋው ይንራል። ኮልት እስከ ዛሬ በቁጥሩ መዝገብ ገልጦ መቼና ለማን እንደተላከ ደብዳቤ ይጽፋል። እኛ ካርቶኑን እሳት ማያያዣ፣ ቁጥሩን የሞረድ ቀለብ እናደርጋለን።

በዚህም አላበቃም። ባለፉት ዓመታት ከአገራችን የወጡ የድሮ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተው ተቸበቸቡ። ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ የተባለ አስመጪ ውጅግራውን፣ ካርካኖውን፣ የቤልጅግ ማውዘሩን «ከኢትዮጵያ» ብሎ ሸጧል። ገዢው በአጉሊ መነጽር የሚፈልገው ምን መሰላችሁ? የይሁዳ አንበሳውንና የንጉሡን ምልክት። በአሜሪካ ሕግ አስመጪው ጥንታዊ ተብለው ነፃ ከሆኑት በቀር ስሙንና ከተማውን ብረቱ ላይ መቅረጽ አለበት። እነሱ ይጽፉበታል፤ እኛ እንፍቃለን።

«ሰው በጥይት እያለቀ አንተ ስለ ካርቶን ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ወንድሜ፣ እኔም የማወራው ስለዚያው ነው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ፖሊስ በኮንትሮባንድ የገባ ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ ያዝኩ ሲል ስንቴ ሰማን? ማን አስገባው፣ ለማን ሸጠው የሚለውን የሚመልስ ያው ቁጥሩ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2001 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የጦር መሣሪያ ፕሮቶኮል የሠሪው ስም፣ የተሠራበት ቦታና ተከታታይ ቁጥር ብረቱ ላይ ይቀረጽ፣ ያንን መፋቅም ወንጀል ይሁን የሚለው ለጌጥ አይደለም። ቁጥር የሚፍቅ እጅ፣ ሳያውቅ ለነፍሰ ገዳይ መንገድ ይጠርጋል። እኛም የመሣሪያ አዋጅ አለን፤ ቁጥር 1177/2012። አሮጌውን ብረት በፈቃድ ያዙት ወይ አስረክቡት፤ ፈቃድ የሌለው ሽጉጥ ፍራሽ ሥር ይቀመጥ የምል ሰው አይደለሁም።

የምለው ይህ ነው። ከማስረከባችሁ በፊት ጽሑፉን ሁሉ ቅዱ፤ የማን እንደነበር ከሽማግሌው አፍ ስሙና ጻፉ። የሚረከበው መሥሪያ ቤትም ጥንታዊውን ከተራው ሳይለይ በጅምላ አያቅልጥ፣ አይሽጥ። ሙዚየሞቻችንም ይስሙኝ። በአንድ ሙዚየም መስታወት ውስጥ ያየሁት ካርድ «ሽጉጥ» ይላል። አመሰግናለሁ! እኔ ማንኪያ መስሎኝ ነበር። ሠሪው፣ ዓመቱ፣ ቁጥሩ፣ ባለቤቱ የታሉ?

ሐዋሳ ለዚህ ሩቅ መሆን አልነበረባትም። ኢንዱስትሪ ፓርካችን ከተመረቀበት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ እህቶቻችን የልብስ ስም ሲሰፉ ነው የሚውሉት። አንዲት ቁራጭ ጨርቅ የሸሚዝን ዋጋ እንደምትወስን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ለሸሚዝ ያልነፈግነውን ለአያቶቻችን ደም ነፈግን። አጎቴን ስሙን አልጠራም፤ ዘመድ ነው። ሞረዱን ግን ደብቄበታለሁ።