የተጓዥ ሳንቲም ዐደራ

ጂኦካቺንግ የሚባለው ጨዋታ በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኦሪገን ተጀመረ። አንዱ ሣጥን ደብቆ ቦታውን በጂፒኤስ ቍጥር ያስታውቃል፤ ሌላው ፈልጎ ያገኘዋል። በአንዳንዱ ሣጥን ውስጥ መለያ ቍጥር የተቀረጸበት ሳንቲም ይገኛል። ያገኘው ሰው በኢንተርኔት መዝግቦ ሳንቲሙን ወደ ሌላ ሣጥን ያሻግረዋል፤ ባለቤቱም የደረሰበትን አገር እየተከታተለ ይደሰታል። አንዳንዱ ግን ስላማረው በኪሱ ያስቀረዋል።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ» ማለት ምክንያት አይሆንም። በእኛ አገር የማኅበር ጽዋ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ተረኛው ቢያስቀረው ለእርሱ የሚተርፈው ዕቃው ብቻ ሲሆን ማኅበሩ ግን ይፈርሳል። ከቢቸና ወደ ሞጣ ለሚሄድ መንገደኛ የተሰጠ ደብዳቤም እንዲሁ ዐደራ ነው። ዐደራ በላ መባልን የማይፈራ ማን አለ?

ታዲያ መድኀኒቱ ምንድን ነው? አንዳንድ ባለቤቶች ሰብሳቢ እንዳይመኘው ሳንቲሙን ይበሱታል፤ ሌሎችም ዋናውን በቤታቸው አስቀምጠው አምሳያውን ይልካሉ። ይህ መልካም ብልኀት ነው። ነገር ግን ዐዲስ ተጫዋች ደንቡን ባለማወቅ ሊወስደው ስለሚችል፣ «መንገደኛ ነኝ፤ ወደሚቀጥለው ሣጥን አድርሰኝ» የሚል ጽሑፍ አብሮት ቢታሰር ይበልጥ ይጠቅማል። አውቆ የሚሰርቀውን ግን ከኅሊናው በቀር የሚገታው የለም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የሩቅ ሰው ሳንቲምም ሆነ ከትምህርት ቤት የተዋስነው መጽሐፍ በእጃችን ሲገባ፣ ከእኛ በኋላ የሚጠብቀው ሰው መኖሩን አስበን በደኅና እናሳልፈው።