ባል አቦምሳ፣ ሚስት ሮቤ

የመምህራን የዝውውር ማመልከቻ በሚቀርብበት ሰሞን በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ደጃፍ የማይጠፋ አንድ አቤቱታ አለ። «ባለቤቴ ሌላ ወረዳ ናት፤ እባካችሁ አንድ ላይ አድርጉን» የሚል ነው። አመልካቹ አቦምሳ፣ ሚስቱ ደግሞ ሮቤ ልትሆን ትችላለች። ሁለቱም አርሲ ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱም አስተማሪዎች ናቸው፣ የሚሠሩትም ለአንድ ዞን ነው። የሚገናኙት ግን በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ያውም መኪና ከተገኘ ነው። ልጅ ከተወለደ አያቱ ዘንድ ያድጋል። መልሱ መቼስ የታወቀ ነው፦ «ክፍት ቦታ ሲገኝ»፣ «ተተኪ ሲመጣ»፣ «ነጥብህ ሲሞላ»።

ከዚያ ደግሞ «አስተማሪ ገጠር አይቆምም» ብለን እናማርራለን። ዓመቱ ሳይጋመስ የሒሳብ መምህሩ ይጠፋል፤ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ባዶ ይሆናል ወይም ያገኘው ሰው ይሸፍነዋል። መርቲ የሚለውን ስም ብዙ የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቀው ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ላይ ነው። የመርቲ ወረዳ ገጠር ልጅ ግን በየዓመቱ አዲስ አስተማሪ መልመድ ሰልችቶታል ቢባል የተጋነነ አይሆንም።

ታዲያ አስተማሪ ሩቅ ቦታ እንዴት ይቆማል? ለዚህ ጥያቄ ብዙ ያላየነው መልስ በአርሲ ዙሪያ አለ። ከአቦምሳ ወደ አዳማ ሲዘለቅ፣ ሜኖናይት የተባሉ የአሜሪካ ፕሮቴስታንቶች እ.ኤ.አ. በ1959 የከፈቱት የናዝሬት መጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚ ነበር። ከሻሸመኔ ወደ አርሲ ነገሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ የአድቬንቲስቶቹ የኩየራ ትምህርት ቤት አለ። በነዚህና በመሰሎቻቸው ትምህርት ቤቶች ባሕር ተሻግረው የመጡ ባልና ሚስት መምህራን ዓመታት አሳልፈዋል። ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆሙት እንግሊዝኛ፣ ሳይንስና መጽሐፍ ቅዱስ ለማስተማር ነው። ማታ ፋኖስ አብርተው ደብተር ያርሙ ነበር።

ስለነዚህ ሰዎች ሲወራ አንዱ ወገን ቅዱስ ያደርጋቸዋል። ሌላው «ሃይማኖት ሊያስለውጡ የመጡ ናቸው» ብሎ ይዘጋል። ሃይማኖታቸውን ሊያስፋፉ መምጣታቸውማ እውነት ነው፤ እነሱም አልደበቁትም። እኔን የገረመኝ ግን ሁለቱም ወገን አንድ ተራ ጥያቄ መዝለሉ ነው። እነዚህ ባልና ሚስት እንዴት ኖሩ? ማን ቤት ሰጣቸው? ቋንቋውን ማን አስተማራቸው? ልጃቸው ሲታመም፣ ደክሟቸው አገራቸው ሲናፍቃቸው ምን አደረጉ?

መልሱ ሲታይ ተአምር የለበትም። የላካቸው ድርጅት አስቦበት ነበር። ሲላኩ አንድ ላይ ነው የተላኩት፤ ባልን ወለጋ፣ ሚስትን ሲዳሞ አልመደበም። ቤታቸው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነበር። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ቋንቋ የሚማሩበት ጊዜ ይሰጣቸዋል። እንደየድርጅቱ ቢለያይም አራት አምስት ዓመት ከሠሩ በኋላ አገራቸው ገብተው ያርፋሉ፣ ዘመድ ይጠይቃሉ፣ ይመለሳሉ። አገር ቤት ያለው ምእመን ገንዘብ ያዋጣል፣ ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል። «መሥዋዕትነት» የምንለው ነገር ከሥሩ እንዲህ ያለ ዝግጅት ነበረው።

ቋንቋውንማ መንግሥት ራሱ አስገድዷቸዋል። በ1936 ዓ.ም. ነሐሴ የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ ቁጥር 3 አገሩን ለሁለት ከፈለ። አንደኛው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል ነው፤ እዚያ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት መክፈት ይቻላል፣ እምነት ማስለወጥ ግን ክልክል ነው። ሌላው «ክፍት» የተባለው፣ አብዛኛው ሰው የቤተ ክርስቲያኒቱ ተከታይ ያልሆነበት አካባቢ ነው። በሁለቱም ቦታ ሚሲዮናዊው አማርኛ ይማር፣ ትምህርቱም በአማርኛ ይሁን ተባለ። የአካባቢው ቋንቋ የተፈቀደው ተማሪውም አስተማሪውም አማርኛ እስኪለምዱ ብቻ ነበር። ኦሮምኛ ተናጋሪ በሆነ አካባቢ ውጤቱን አስቡት፦ ፈረንጁ በተማረው አማርኛ፣ ልጁ በማይሰማው አማርኛ ይተያያሉ! ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ግን እ.ኤ.አ. በ1894 የኦሮምኛ ማንበቢያ አዘጋጅተው ነበር። ኦነሲሞስ በስዊድን ሚሲዮን የተማሩ ሰው ናቸው፤ በ1904 ነቀምት ገብተው ሲያስተምሩ ልጆቹን ያናገሩት በገዛ ቋንቋቸው ነው። ድንጋጌው ከዚያ ወደ ኋላ የተመለሰ እርምጃ ነበር ባይ ነኝ።

ኑሮው ደግሞ ዋጋ ነበረው፤ ያንን መሸፋፈን ተገቢ አይደለም። ከሁሉ የሚከብደው የልጆቹ ጉዳይ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ያለው ቢንጋም አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲከፈት ለሚሲዮናውያን ልጆች ተብሎ ነው። ወላጆች ገጠር የሰው ልጅ ሲያስተምሩ፣ የራሳቸው ልጅ ገና በለጋ ዕድሜው አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል፤ የሚገናኙት በዕረፍት ነው። ከዚህ አዳሪ ቤት ሕይወት የወጡ ሰዎች ትልቅ ከሆኑ በኋላ ስሜታቸው አንድ ዓይነት አልሆነም። አንዳንዱ በፍቅር ያስታውሰዋል፣ ለሌላው የማይሽር ቁስል ነው።

ሌላው የሚስት ነገር ነው። በጥንቱ የሚሲዮን መዝገብ ሚስት ብዙ ጊዜ የምትጠቀሰው በባሏ ስም ሥር ነው። ሥራዋ ግን ከሱ አያንስም፤ ታስተምራለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ እንግዳ ትቀበላለች፣ ቤት ትይዛለች። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የነበሩትን ፓውሊን ፍላድን እናንሣ። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1866 ባላቸውን ማርቲን ፍላድን ደብዳቤ አስይዘው ወደ እንግሊዝ ሲልኩ፣ እሳቸው ከልጆቻቸው ጋር መያዣ ሆነው ቀሩ። ባል ተልእኮውን ፈጽሞ እስኪመለስ ድረስ ያ ሁሉ ጊዜ በእስር ስጋት ያለፈ ነው። ታሪኩ ሲጻፍ ግን «የፍላድ ጉዞ» ነው የሚባለው።

በዚያው ዘመን ጋፋት የነበሩት ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ሚስታቸው ሱዛን ቤል ታሪክ ደግሞ ለኛ ቅርብ ነው። ሱዛን የእንግሊዛዊው የጆን ቤል ልጅ ናቸው፤ እናታቸው ግን ኢትዮጵያዊት ነበሩ። ባልና ሚስቱ ከመቅደላ በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ። ከዚያም ሊባኖስ ተራራ ላይ ብሩማና በተባለ መንደር፣ ኩዌከር በሚባሉት ክርስቲያኖች ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1873 የትምህርት ሥራ ጀመሩ። ያ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ አለ። የሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ያለው ስም የባል ብቻ ነው። ከጋፋት ተነሥተው፣ አገራቸውን ትተው ባዕድ ተራራ ላይ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት ግን ሁለቱም ናቸው። «ሚሲዮናዊ መምህር» ሲባል ከአውሮፓ የመጣ ብቻ ለሚመስለን ሱዛን ጥሩ ማስታወሻ ናቸው።

የናዝሬቱን አካዳሚ ካነሣን አይቀር፣ የፈረንጆቹን ባልና ሚስት ብቻ አመስግኖ ማለፍም ደግ አይደለም። ትምህርት ቤቱ የቆመው አብረዋቸው በሠሩ ኢትዮጵያውያን መምህራንም ጭምር ነው። አብዮቱ ሲመጣ አብዛኞቹ ሚሲዮናውያን ከአገር ወጡ፤ ሸክሙ የወደቀው በኢትዮጵያውያኑ ላይ ነው። በ1974 ዓ.ም. ጥር ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ አካዳሚውም ተወረሰ። የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪዎችም ዓመታት ታሰሩ። ፈረንጁ የሚሳፈርበት አውሮፕላን ነበረው፤ አበሻው መምህር የት ይሄዳል?

ወደ አቦምሳ ልመለስ። ከዚህ ሁሉ የምወስደው ስብከቱን አይደለም። የመንግሥት ትምህርት ቤት የማንም ሃይማኖት መስበኪያ አይደለም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጁን በሚልክበት በአርሲ ይህ ይበልጥ ሊጠበቅ ይገባል። የምወስደው አኗኗራቸው እንዴት እንደተደራጀ ነው። ሰውን ሩቅ ቦታ ልከህ እንዲቆይ ከፈለግህ ቤቱን፣ ትዳሩን፣ ቋንቋውን አስብለት። እኛ የምናስበው ደመወዙን ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ኪራይ ይበላዋል።

የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች አንድ ትምህርት ቤት ሁለት መምህር ሲያስፈልገው ማስታወቂያውን ለጥንድ ቢያወጡ ምን ይጎድልባቸዋል? «ባልና ሚስት መምህራን ቅድሚያ ይሰጣችኋል፤ ለአምስት ዓመት ትቆያላችሁ፤ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ሁለት ክፍል ቤት አለ» ይባል። ቤቱን ለመሥራት ቀበሌው መሬት፣ ወላጅ ጉልበትና እንጨት፣ ወረዳው ቆርቆሮና ሚስማር ያዋጣ። የገጠር ሰው ለአስተማሪ ቤት መሥራት ብርቁ አይደለም፤ የሚያስመርረው የሠራለት አስተማሪ በስድስት ወር መሄዱ ነው። ከሌላ አካባቢ የመጣ መምህር ደግሞ መስከረም ላይ ክፍል ከመግባቱ በፊት ክረምቱን አፋን ኦሮሞ ይለማመድ። ፈረንጅ ይህን ሲያደርግ ካደነቅን፣ ከደብረ ብርሃን ወይም ከወላይታ የመጣው መምህር ሲሆን ለምን እንደ ትርፍ ወጪ እንቆጥረዋለን?

የሚነሣው ተቃውሞ ይታየኛል። «ያላገባው መምህር ምን ያድርግ?» ይባላል። ያላገባውም ቤት ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን ትዳር ያለውን ለያይቶ ማቆየት ላላገባው የሚጨምርለት ነገር የለም። «ባል ርዕሰ መምህር፣ ሚስት መምህርት ከሆኑ ትምህርት ቤቱ የቤተሰብ ንብረት ይሆናል» የሚለው ስጋት ግን ከባድ ነው። የሚሲዮን ግቢዎችም ከዚህ ችግር ነጻ አልነበሩም። ስለዚህ ከጥንዶቹ አንዳቸው አለቃ ከሆኑ የሌላኛው የሥራ ምዘና በሌላ ሰው ይሠራ፤ ደንብ ማውጣት ይቻላል። «ሚሲዮን ጥቂት ትምህርት ቤት ነበረው፣ መንግሥት በሺዎች አለው» ለሚለውም፣ እውነት ነው፤ ግን አስተማሪ የማይቆይባቸው ሩቅ ቀበሌዎች የትኞቹ እንደሆኑ እያንዳንዱ ወረዳ በስም ያውቃቸዋል። ከነሱ ይጀመር።

በመምህሩ ማኅደር ውስጥ የጋብቻ ሁኔታ ተጽፎ ይገኛል፤ «ያገባ» ይላል፣ በቃ። ከሱ ቀጥሎ የትዳር ጓደኛው ሙያና የሥራ ቦታ የሚሞላበት አንድ መስመር ይጨመርበት። በቀጣዩ የዝውውር ወቅት ዞኑ ያን መስመር ብቻ ለይቶ ቢያወጣ፣ ስንት የአቦምሳ ባል ስንት የሮቤ ሚስት እንዳለው በአንድ ገጽ ላይ ይታያል።