የሹራብ መርፌም የሳይንስ መሣሪያ ነው

በአገራችን የእጅ ሥራ ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው እያገለገሉን ተሰድበዋል። ሹራብና ዳንቴል መሥራትም «የሴት ሥራ» ተብሎ ከዕውቀት ተርታ ወጥቷል። ይህ ንቀት ሳይንሳችንን ጎድቶታል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን በፊዚክስ ዓይን እንመልከተው። የሹራብ ክር ብቻውን ሲሳብ እምብዛም አይለጠጥም፤ ሹራቡ ግን ይለጠጣል። ምስጢሩ ያለው በአሠራሩ ነው። እርስ በርስ የተያያዙት የክር ቀለበቶች ሲሳቡ ቅርጻቸውን ይለውጣሉ፤ ጨርቁ ሲረዝም ወርዱ ይጠብባል። የፈረንሳይ ፊዚክስ ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ በቀመር የሚገልጽ ጥናት በ2018 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ቀደም ሲል በ1997 እ.ኤ.አ. የሒሳብ ምሁሯ ዳይና ታይሚና በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሃይፐርቦሊክ የተባለውን ገጽ በኪሮሽ ሠርተዋል። ዘዴው በየረድፉ ቀለበቶችን በተወሰነ ምጣኔ መጨመር ነው፤ ጨርቁም እንደ ሰላጣ ቅጠል ይሸበሸባል። በዚህ ገጽ ላይ የዩክሊድ የትይዩ መስመሮች ሕግ አይሠራም፤ ተማሪውም ይህን በእጁ ዳስሶ ይረዳዋል።

ቀመር አሳምረው የሚያወጡ፣ በቤተ ሙከራ ግን መሣሪያ ለመንካት የሚፈሩ ተማሪዎች ዘወትር ያጋጥሙኛል። ወንድም ሆኑ ሴት፣ በዕረፍት ጊዜያቸው ከእናታቸው ወይም ከአክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው ሹራብ መሥራት ቢማሩ እመክራለሁ። የተበላሸውን ረድፍ ፈትቶ እንደገና መጀመር ለማንኛውም ተመራማሪ የሚያስፈልግ ትዕግሥት ነው። በገዛ እጅ የተሠራ ሹራብ መልበስም ራሱን የቻለ ደስታ አለው። ለመጀመር ሁለት መርፌና አንድ ጥቅል ክር ይበቃሉ።