ከርሲቩ ይቅር፣ ልጆቹ ይጻፉ

አዲስ አበባ ውስጥ ልጁን የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወላጅ ባለ አራት መስመሯን ደብተር ያውቃታል። ልጁ ሀ ሁን በወጉ ሳይጨርስ የእንግሊዝኛ ፊደል እያቀጣጠለ፣ ከርሲቭ በሚሉት አጻጻፍ ገጽ ሲሞላ ያመሻል። ወላጅም ደስ ብሎት ደብተሩን ለእንግዳ ያሳያል። እኔ ግን ይቅር ባይ ነኝ።

ይህን ስል አሜሪካን የሚጠቅስልኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ ከርሲቭ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል እንዲሰጥ አድርጋለች። የእነሱ ምክንያት ግን የራሳቸው ነው። የነጻነት አዋጃቸውም ሆነ የአያቶቻቸው ደብዳቤ የተጻፈው በዚያ አጻጻፍ ነው። ብሔራዊ ቤተ መዛግብታቸው እንኳ የድሮውን ጽሑፍ የሚያነቡለት በጎ ፈቃደኞች ይፈልጋል።

የእኛ አያቶች ደብዳቤ፣ የዕድሩ መዝገብ፣ የቤቱ ውል የተጻፈው በፊደል ነው። ፊደል ደግሞ አይቀጣጠልም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል። 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት ቅጥያዋ ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ በመሆኗ ብቻ ነው። እጁ ያልተገራ ልጅ የጻፈውን ነገ ራሱም አያነበውም። (አፋን ኦሮሞ በላቲን ስለሚጻፍ እዚያ ክርክሩ ትንሽ ይለያል።)

«ከርሲቭ እኮ የልጅ ጣት ያፍታታል» ይላሉ። ፊደልስ ምን ያደርጋል?

የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያ ሁሉ መስመር የሞላ ልጅ ክፍል በጨመረ ቁጥር የሚጠበቅበት ፊደል መምረጥ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮምፒውተር የሚፈተኑ አሉ። አንቀጽ የሚጽፍበት ቦታ የለም። ፈተና ላይ የማይመጣውን ማን ያስተምራል? ዲግሪ ይዞ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ፊት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አይታችሁ ይሆናል።

ስለዚህ የከርሲቩ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ይዋል፦ ልጁ በሳምንት አንድ ገጽ፣ ከሰሌዳ ሳይገለብጥ፣ ከራሱ ያፍልቅ። መምህሩም አንብቦ በቀይ እስክሪብቶ ይመልስለት። እንግሊዝኛውንም ቢሆን በተራው ፊደል ይጻፈው፣ ምንም አይጎድልበትም።

ወላጆች፣ በቀጣዩ ስብሰባ ስለ ደብተሩ ውበት ሳይሆን ይህን ጠይቁልኝ፦ ልጄ በዚህ መንፈቀ ዓመት ከራሱ አፍልቆ ስንት ገጽ ጻፈ?